ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት፦ ወላጅ የሚያረጅበትን ቤት ማስተካከል

እናቴ ቤት፣ ከመኝታ ክፍሏ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው ኮሪደር ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የጠቆረ ረጅም መስመር ነበረ። ለዓመታት ቆሻሻ ነው የመሰለን። ታናሽ እህቴ በየበዓሉ ዋዜማ በሳሙና ታጥበዋለች፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ተመልሶ ይመጣል። ነገሩ የገባን እማዬ ወድቃ የእጇ አንጓ ከተሰበረ በኋላ ነው። መስመሩ የእጇ ነው። ሌሊት ስትነሳ ግድግዳውን እየዳበሰች ነበር የምትሄደው። ከአልጋዋ ራስጌ ይጀምርና መቃኑን ይዞ ያልፋል፤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ሴራሚክ ስለሆነ እድፍ አይዝም። የወደቀችውም እዚያው ውስጥ ነው። ከመቀመጫው ልትነሳ ስትል የያዘችው የፎጣ መስቀያ ከነብሎኑ ተነቅሎ መጣ።

ያንን ሴራሚክ ያስለጠፍንላት እኛ ልጆቿ ነን። ከዚያ በፊት ወለሉ ሊሾ ነበር፤ ደብዛዛ፣ ሻከር ያለ፣ እግር የሚይዝ ሊሾ። አረጀ ብለን፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል ብለን፣ ተዋጥተን የሚያብረቀርቅ አደረግንላት። እሷም መረቀችን።

አገራችን ውስጥ ሰው የሚያረጀው በቤቱ ነው። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት የሚሰበስቡት ጧሪ ቀባሪ ያጣውን ነው፤ ልጅ የሆነ ሰው እናት አባቱን ከቤታቸው ማውጣትን አያስበውም። መጦር ሲባል ግን ዓይናችን የሚሄደው ወደ ሰው ነው፦ አብራ የምታድር የእህት ልጅ፣ ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ የሚል ልጅ፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ። ቤቱ ራሱ ሊጦርም ሊጥልም እንደሚችል አናስብም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚሁ ነው፦ ወላጅ የሚኖርበት ቤት ምኑ ይስተካከል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ልክ። አብዛኛው ሥራ አንድ ግንበኛ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛና አንድ በያጅ በሳምንት የሚጨርሱት ነው።

ለምን ይወድቃሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው እንደሚሞቱ ይገምታል። በድንገተኛ አደጋ ከሚደርስ ሞት ውስጥ ከመንገድ ትራፊክ ቀጥሎ 2ኛው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚበዙት ሟቾችም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ከሞት የተረፈውም ዳሌው ከተሰበረ ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይራመድም።

እኛ «እግሯ ከዳት» ብለን እናልፈዋለን እንጂ በዚያች ቅጽበት የሚገናኙት ነገሮች ብዙ ናቸው። አንደኛው ዓይን ነው። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወጣቱ የሚያየውን ያህል ለማየት እስከ ሦስት እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ የዓይን ሞራ አለ፤ እሱ ደግሞ አገራችን ውስጥ ለዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት ነው። ሌላው የደም ግፊት ነው። ተኝቶ የቆየ አዛውንት ብድግ ሲል ግፊቱ ድንገት ይወርድና ዓይኑ ይጨልምበታል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ላይ ይህ ይብሳል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የእግሩ ጣት ደፉን ይንካ አይንካ ላያውቅ ይችላል። በእርጅና ሽንት ሌሊት ደጋግሞ ይቀሰቅሳል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጨለማ ኮሪደር፣ በነጠላ ጫማ አስቡት። ለዚህ ነው ሥራው ከሳሎኑም ከግቢውም በፊት ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ካለው መንገድ መጀመር ያለበት።

ቀድሞ ማየት፣ ከዚያ መጠየቅ

ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት አንድ ቀን አብረዋቸው ይዋሉ፤ አንድ ሌሊትም አብረው ይደሩ። እጃቸው የት የት እንደሚያርፍ ይዩ። መቃን፣ የወንበር ጀርባ፣ የፍሪጅ እጀታ፣ የሲንኩ ከንፈር፣ መጋረጃ። እማዬ ቤት ሰባት ቦታ ቆጠርን። ከሰባቱ ሁለቱ፣ መጋረጃውና ጎማ ያለው የቴሌቪዥን ጠረጴዛ፣ ሰው ሊሸከሙ ቀርቶ ራሳቸውንም አይችሉም።

ከዚያ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ እኛ ተሳስተን ነበር። ተሰብስበን ወስነን፣ ብረት ገዝተን ሄድንና «መደገፊያ ልናስተክልልሽ ነው» አልናት። «ሽባ ነኝ እንዴ እኔ?» ብላ ፊቷን አዞረችብን፤ ብረቱም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ አንድ ወር ተቀመጠ። ልክ ነበረች። የራሷን ቤት እኛ እየከፋፈልንባት ነበር። በመጨረሻ እህቴ ጠመኔ ሰጠቻትና «እስቲ የት ቢሆን ይመችሻል?» አለቻት። እማዬ ከአልጋዋ ተነስታ እየሄደች ራሷ አሰመረች። ሜትር ብንዘረጋበት መስመሯ 88 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የሕንፃ መመሪያዎች ለእጅ መደገፊያ የሚሰጡት ልክ ከ86 እስከ 96 ነው።

መንገዱ

አልጋው ላይ ሲቀመጡ ሁለቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይርገጡ፤ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ካለ አልጋው ዝቅተኛ ነው። ለብዙ ሰው ከፍራሹ ጋር ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይስማማል። ዝቅ ካለ አናጢ ከእግሮቹ ሥር ጎድጎድ ያለ የእንጨት መቀመጫ ይሠራለታል፤ እንዲያው ጡብ መደርደር ግን ይንሸራተታል። መሐሉ የሰመጠ ስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ከአልጋው በፊት ፍራሹን መለወጥ ነው። ሲነሱ ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው እንዲቆዩ ያስለምዷቸው።

መብራት ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚረሳው ነው። ማብሪያው በሩ አጠገብ ስለሆነ መብራት ለማብራት ጨለማውን ማቋረጥ ግድ ይላል። ኤሌክትሪሺያን ከአልጋው ራስጌ ሁለተኛ ማብሪያ ያወጣል፤ ለኮሪደሩ ደግሞ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ አምፖል አለ። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ብቻውን አይበቃም። ቻርጅ ይዞ የሚቆየውን አምፖል ኮሪደሩና ሽንት ቤቱ ላይ ማድረግ፣ አንድ የእጅ ባትሪም ሁልጊዜ ከትራሱ አጠገብ በገመድ ማንጠልጠል ያስፈልጋል። ስልኳን እንደ ባትሪ ትጠቀምበታለች ብላችሁ አትመኑ፤ አንድ እጅ ለስልክ ከተያዘ ለግድግዳው የሚቀረው አንድ ነው።

ወለሉ ላይ ያለው ጠላት ትንንሽ ነው። ጫፉ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ሳሎኑን የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ኮሪደር ላይ የተደረደረ ጀሪካን። ስለ ጀሪካኑ አንድ ነገር ልበል፦ ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ እናት ይህን ጎንበስ ብላ ስታነሳ ወገቧም ሚዛኗም አብረው ይፈተናሉ። ሮቶ ከፍ ባለ ቦታ ተቀምጦ ቧንቧው ሽንት ቤቱና ማድ ቤቱ ድረስ ከተዘረጋ ጀሪካኑም መንገዱን ይለቃል፣ እሷም ከመሸከም ትድናለች። አቅም ካለ ከሴራሚክ በፊት ለዚህ ባወጣሁ ያስብላል።

ደፍም አለ። በየክፍሉ በር ላይ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር የምትወጣው ጉብታ ለወጣት ምንም አይደለችም፤ እግሩን ሳብ አድርጎ ለሚሄድ ሰው ግን አጥር ናት። ከተቻለ ይነሳ፤ ካልተቻለ በሁለቱም ወገን በሲሚንቶ ተዳፋት ይሠራለትና በደማቅ ቀለም ይቀባ። አዲስ ወለል የሚያሠሩ ከሆነ አንጸባራቂውን ተውት፤ ማት የሚባለውን ደብዛዛ ሴራሚክ ይምረጡ። ሱቁ ውስጥ ናሙናውን አስቀምጠው ውኃ ያፍሱበትና በእርጥብ ጫማ ይርገጡት።

የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ቀድሞ የገባበት ቤት ካለ የበዓል ቄጠማ ያሳስበኛል። ቄጠማ የሚጎዘጎዘው ለአፈርና ለሊሾ ወለል ነበር፤ እርጥብ ቄጠማ በሴራሚክ ላይ ሳሙና ነው። በዓሉ ያለ ቄጠማ ይዋል አልልም፤ እኛ ቤት አሁን ረከቦቱ ዙሪያና ማዕዘኑ ላይ ብቻ ይጎዘጎዛል፤ እማዬ የምትመላለስበት መንገድ ባዶ ይቀራል።

ሽንት ቤትና ሻወር

ገንዘቡም ጥንቃቄውም የሚሄደው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ግድግዳው። አዲስ አበባና ሌሎቹ ከተሞች ውስጥ ብዙው ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ተራ ፊሸር፣ ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ፣ ተመትቶበት የታሰረ ነገር ፎጣ ይሸከማል፤ ሰው አይሸከምም። የእናቴ መስቀያ የተነቀለው ለዚህ ነው። በትክክል ሲሠራ ብረቱ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ብሎኬቱ ይከፈትና ባዶው ክፍል በኮንክሪት ይሞላል፤ ብሎኖቹ እዚያው ይቀበራሉ፤ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ማንም አይነካውም። ሌላው ዘዴ ብሎኑን ግድግዳውን አሳልፎ ወዲያኛው ወገን ላይ በላሜራ ሰሌዳ ማሰር ነው፤ ከጀርባው ጓዳ ወይም ውጭ ከሆነ ያምራል አያምርም አያሳስብም። የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጉ ምንም አይይዝም፤ ብረቱ የሚታሰረው ቋሚው ላይ ነው። ቋሚው ከሚፈለገው ቦታ ከራቀ ግን ቧንቧ ወለሉ ውስጥ በሲሚንቶ ቀብሮ ላዩን ከጣሪያው ማገር ጋር ማሰር ይቻላል። እንደ ምሰሶ ቆሞ ሰው ተንጠልጥሎበት ይነሳል።

ብረቱ ራሱ ውድ ዕቃ መሆን የለበትም። ከሱቅ የሚገዛው አይዝጌ ብረት ጥሩ ነው፤ ግን የ1 ኢንች ጋልቫናይዝድ የውኃ ቧንቧ የውጭ ውፍረቱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመደገፊያ ከሚመከረው ልክ ውስጥ ይገባል፤ ያረጀ እጅ ዙሪያውን ጨብጦ ይይዘዋል። በያጁ በሁለቱም ጫፍ አራት ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ይበይድበታል፤ ብየዳው በሞላ ተስተካክሎ እጅ እንዳይቧጭር ይደረጋል። ከግድግዳው ያለው ክፍተት 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ከዚያ ከሰፋ እጅ ሲያዳልጥ ክንድ ይገባና ይቀረቀራል። ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ብረት አይታይም፤ ሰማያዊ ወይም ቀይ ይቀባ። እህቴ «ከሴራሚኩ ጋር አይሄድም» ብላ ነበር፤ የእማዬ ዓይን እንዲያየው መሆኑን ስናስረዳት ተወችው።

ቦታው ሁለት ነው፦ ከመቀመጫው ጎን አንድ፣ ሻወሩ ጋ አንድ። ከመቀመጫው ጎን የሚታሰረው አግድም ከ84 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከፊት ለፊት ደግሞ አንድ ቁመታም ቢጨመር ሲነሱ ይስቡታል። ደካማ ጎናቸው የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ አያስተክሉ። እናቴ የተሰበረው ግራ እጇ ነው፤ ሠራተኛው ግን ለቧንቧው ስለሚመቸው በግራ ሊያስር ጀምሮ ነበር።

መቀመጫው ራሱ ዝቅ ይላል። ለሚቸገር ሰው ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር የሆነ ይሻላል፤ ልኩን ለማወቅ ግን ወንበር ላይ አስቀምጠው ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው ጀርባ ይለኩ። የቧንቧ ሠራተኛው መቀመጫውን አንስቶ ከሥሩ አምስት ወይም ስምንት ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ይሞላል፤ የመውጫውን ቧንቧም አብሮ ያስረዝማል። ኮንክሪቱ ከመቀመጫው እግር ውጭ እንዳይተርፍ ይጠንቀቁ፤ ከተረፈ አዲስ ደፍ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከላይ የሚደረበውን ከፍ ማድረጊያ ማስያዝም ይቻላል፤ ግን የሚታሰር ይሁን፤ እንዲያው የሚቀመጠው ይንቀጠቀጣል።

ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ጉድጓድ ሽንት ቤት ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች ደግሞ መፍትሔው አናጢ ጋ ነው፦ መሐሉ የተቀደደ፣ እጀታ ያለው፣ እግሩ ሰፋ ያለ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል፤ የሚቀመጡበት ክፍል እንዲታጠብ በፕላስቲክ ይለበጣል። ሽንት ቤቱ ከግቢ ማዶ ከሆነ ሌሊት እዚያ ድረስ መሄድ የለባቸውም። ያው ወንበር ከሥሩ ፖፖ ተደርጎበት መኝታ ክፍል ያድራል። ይህን ማቅረብ እፍረት የሚመስላቸው ልጆች አሉ። በጨለማ ግቢ፣ በዝናብ፣ ኮብልስቶን ላይ ከመውደቅ ግን በምን ይበልጣል?

ሻወሩ ጋ ዙሪያውን የሚከበው ጉብታ ይነሳ፤ ወለሉ በሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ዘንበል ካለ ውኃው አይወጣም። ለሻወር ወለል ትንንሹ ሴራሚክ ከትልቁ ይሻላል፤ መገጣጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል። ተቀምጠው ይታጠቡ። የተለመደው የፕላስቲክ ወንበር ግን አይሆንም፤ እርጥብ ወለል ላይ እግሮቹ ይበረገዱና ይሰበራል። በያጁ አርኤችኤስ ከሚባለው ባለ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ባዶ ብረት ሠርቶ እግሮቹ ላይ ጎማ ያስገባል፤ ላዩ እንጨት ሳይሆን ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ይሁን። በእጅ የሚያዝ ሻወርም ያስፈልጋል፤ ተቀምጦ ለሚታጠብ ሰው ከላይ የሚፈስ ውኃ ፊት ላይ ነው የሚወርደው።

ቦይለር ካለ ሙቀቱ 49 ዲግሪ ላይ ይደረግ። በ60 ዲግሪ ውኃ ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ እግራቸው መቃጠሉን ዘግይተው ነው የሚያውቁት። መሬት የሚገባው የመከላከያ ገመድ፣ ኧርዝ የሚባለው፣ መኖሩን ኤሌክትሪሺያኑ ሳያረጋግጥ ቦይለሩ አይብራ።

ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉ አባትና እናቶች ሲንኩ ላይ እግራቸውን አንስተው ሲታጠቡ በአንድ እግር ነው የሚቆሙት፤ ያውም እርጥብ ወለል ላይ፣ በቀን አምስት ጊዜ። ዝቅ ያለ ቧንቧ፣ ከፊቱ የማይንቀሳቀስ መቀመጫ፣ አጠገቡ መደገፊያ፤ ይህ ለሙስሊም ቤተሰብ ከሻወሩ በፊት የሚመጣ ሥራ ይመስለኛል።

በሩን አትርሱ። የሽንት ቤት በር ብዙ ጊዜ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መቃኑና የበሩ ውፍረት ሲቀነስ የሚቀረው ለተሽከርካሪ ወንበር አይበቃም። 82 ያህል ንጹሕ ክፍተት እንዲኖር 90 በር ይገጠማል። ስፋቱን ለመለወጥ አቅም ባይኖር እንኳ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ሰው ውስጥ ወድቆ በሩን ከዘጋው ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይገፋም። እማዬ የወደቀች ቀን እህቴ በሩን በትከሻዋ ስትገፋ እማዬን ነበር የምትገፋው። ቁልፉም ከውጭ በሳንቲም የሚዞር ዓይነት ይሁን።

መግቢያውና ደረጃው

ራምፕ፣ በደረጃ ፋንታ የሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ፣ ሲባል ብዙ ሰው ደረጃውን በሲሚንቶ መሙላት ይመስለዋል። ልኩ 1 ለ12 ነው፤ አንድ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። በረንዳዎ ከግቢው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ማለት ሦስት ደረጃ ካለው፣ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ከዚህ ካጠረ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሰው ሲወርድ መቆጣጠር ያቅተዋል። ስፋቱ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይና ከታች ደግሞ ወንበር የሚዞርበት 150 በ150 ሳንቲ ሜትር ሜዳ ይኑር። ላዩ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይጫር፤ ሴራሚክ አይለጠፍበት።

ግቢው ካልበቃና እናት አባት ገና በእግራቸው የሚሄዱ ከሆነ ራምፕ ላይ ሙጭጭ አትበሉ። አርትራይተስ ላለበት ጉልበት ተዳፋት መውረድ ከደረጃም ሊከብድ ይችላል። ሦስቱን ከፍተኛ ደረጃ አፍርሶ አምስት ዝቅተኛና ሰፋፊ ደረጃ መሥራት፣ በሁለቱም ወገን መደገፊያ መትከል፣ የየደረጃውን ጫፍ ቢጫ መቀባት ይበቃል። በሁለቱም ወገን የምለው በአንድ እጅ ከዘራ ስለሚያዝ ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጂ ፕላስ 4ቱ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፤ አራተኛ ፎቅ ማለት ወደ 70 ደረጃ ማለት ነው። ውስጡን የፈለጉትን ያህል ቢያስተካክሉ እነዚያን ደረጃዎች አይቀንሷቸውም፤ ቤታቸው ሳይሆን እስር ቤታቸው የሆነባቸው፣ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ መውረድ ያቆሙ እናቶች አውቃለሁ። እዚህ ላይ ትክክለኛው እድሳት መለዋወጥ ነው፦ የራስን ቤት አከራይቶ ምድር ቤት መከራየት፣ ወይም እዚያው ብሎክ ውስጥ ወጣት ቤተሰብ ካለ መቀያየር። ጎረቤትና ዕድር ሳይለወጥ መቅረቱ ለአዛውንት ትልቅ ነገር ነው። መቀየር ካልተቻለ በደረጃው ግድግዳ በኩል ሁለተኛ መደገፊያ ማስተከል፣ በየማረፊያው የሚታጠፍ መቀመጫ ማሰር ይቻላል። ደረጃው የጋራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ስለሆነ ከሥራው በፊት ለማኅበሩ ያመልክቱ። ቤት ውስጥም ቢሆን ሕንፃውን የተሸከሙት ቋሚና አግዳሚ ኮንክሪቶች፣ ኮለንና ቢም የሚባሉት፣ አይነኩም፤ የኮንክሪት ግድግዳም እንደዚያው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ከወረዳው ፈቃድ ሳይያዝ ግድግዳ አይፈረስም።

ሕጉ ለግል ቤት ብዙ አይረዳም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱና ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሚገቡበትን መንገድ የጠየቀው ከሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ነው። የራሳችንን ቤት እኛው ነን የምናስበው። በተለይ ውጭ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ጂ ፕላስ 1 የምታሠሩ ወንድም እህቶቼ፦ ዋናውን መኝታ ክፍልና መታጠቢያውን ፎቅ ላይ አድርጋችሁ ምድር ቤቱን ሁሉ ሳሎን አታድርጉት። ፕላኑ ላይ አንድ መኝታ ከነሻወሩ ምድር ላይ መጨመር ዛሬ መስመር ማስመር ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ማፍረስ ነው።

ወላጆቻቸውን ወደ ራሳቸው የወሰዱም አሉ። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉት ባለ ሦስት ፎቅ ቀጭን ቤቶች መኝታቸው ላይ፣ ሳሎናቸው መሐል ነው፤ መታጠቢያው ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ ገንዳ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በባልዲ ወይም በሻወር የታጠበች እናት ያንን ጠርዝ እንድትሻገር ባትጠይቋት ይሻላል፤ ግማሹ ገንዳው ውስጥ ግማሹ ውጭ የሚቆም ረጅም መቀመጫ ይሸጣል፤ ተቀምጣ ተንሸራታ ትገባለች። አሜሪካ መደበኛው ሜዲኬር፣ የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን፣ ለመደገፊያ ብረትና ለራምፕ አይከፍልም፤ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ግን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው የሜዲኬይድ መድን ፕሮግራሞች ያግዛሉ። አውሮፓ ይሻላል። ስዊድን ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ሳይጠይቅ ለቤት ማስተካከያ ይከፍላል። እንግሊዝ ውስጥ ገቢ ታይቶ እስከ 30,000 ፓውንድ ይሰጣል። ጀርመን ውስጥ የእንክብካቤ ደረጃ የተሰጠው ሰው ከእንክብካቤ መድኑ እስከ 4,180 ዩሮ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ አበሻ ቤተሰብ ሳያመለክት ከኪሱ ያወጣል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ማመልከት ገንዘቡን ሊያስቀር ስለሚችል ቀድሞ ማመልከት ነው።

ማድ ቤት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዘወትር የሚነካው ዕቃ ከወገብ እስከ ትከሻ ባለው መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ በርጩማ ላይ ቆሞ ማውረድ ይቅር። ቡና ግን የእናቶች ዙፋን ነው። እማዬን ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከሰል ፊት ብድግ ስትል ማየት ሁላችንንም ያስፈራን ነበር። አናጢው ረከቦቱን ከፍ አደረገልን፤ መቀመጫዋም እጀታ ያለው 45 ሳንቲ ሜትር ወንበር ሆነ፤ አሁንም ቡና የምታፈላው እሷ ናት። ከሰሉ የሚቀጣጠለው በረንዳ ላይ ነው፤ ሲያፈሉም መስኮቱ ክፍት ነው፤ የተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሳይታይ ይገድላል።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ መብራቱን፣ ከመቀመጫው ጎን ያለውን ብረትና የበሩን አከፋፈት ይቅደሙ፤ ሌላው ይደርሳል።

ሥራው ሲያልቅ ለሠራተኞቹ የመጨረሻውን ክፍያ ሳይሰጡ ሁለት ነገር ያድርጉ። ከሠራተኞቹ መካከል ወፍራሙ ብረቱ ላይ በሙሉ ክብደቱ ይንጠልጠል፤ የአሜሪካ የሕንፃ መመሪያ 113 ኪሎ መቻል አለበት ይላል። ብረቱ ትንሽም ቢነቃነቅ እንደገና ይሠራ። ከዚያ ሲመሽ መብራቱን ሁሉ አጥፍተው ከአልጋ ተነስተው እንዲሄዱ ይጠይቋቸው፤ እርስዎ ከኋላ ይከተሉ፤ እጅዎን ግን አይስጧቸው። እማዬ በዚያ ምሽት ኮሪደሩን ጨርሳ የሽንት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ እጇን ወደ ቀኝ ሰደደች። ብረቱ ከእጇ በአንድ ጋት ይርቃል። በማግሥቱ ፈትተን አቀረብነው።